ዕጣው በደንብ ተቀላቅሏል?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1969 ማታ፣ ዋሽንግተን ዲሲ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 22 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የቴሌቪዥን ካሜራዎች አንድ ትልቅ የመስታወት ዕቃ ላይ አነጣጥረዋል። ዕቃው ውስጥ 366 ሰማያዊ የፕላስቲክ ካፕሱሎች አሉ። በእያንዳንዱ ካፕሱል ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ ደግሞ አንድ የልደት ቀን ተጽፏል። ከጃንዋሪ 1 እስከ ዲሴምበር 31፣ ፌብሩዋሪ 29 እንኳን አልቀረችም።

የኒውዮርኩ የምክር ቤት አባል አሌክሳንደር ፐርኒ እጁን ሰደደና የመጀመሪያውን ካፕሱል አወጣ። ሴፕቴምበር 14። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1950 ባሉት ዓመታት በዚህ ቀን የተወለደ አሜሪካዊ ወንድ ሁሉ በዚያች ቅጽበት ቁጥር 1 ሆነ። ለቬትናም ጦርነት ወታደር ሲፈለግ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ኤፕሪል 24 ወጣ፣ ከዚያ ዲሴምበር 30። እንዲህ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ ጁን 8 ቁጥር 366 ደረሰው።

በቀጣዩ ዓመት ጥሪው ቁጥር 195 ላይ ቆመ። ቁጥሩ ከዚያ በታች የሆነ ወጣት ተማሪነት ወይም ሕመም ወይም ሌላ ተቀባይነት ያለው ምክንያት ካልያዘው በስተቀር ይጠራል። ቁጥሩ ከዚያ በላይ የሆነው ግን በቃ፣ ተረፈ። በአንድ ቀን ልዩነት የተወለዱ ሁለት የሰፈር ልጆች አንዱ ሲዘምት አንዱ ኮሌጅ ሊቀር ይችላል።

የዕጣው ዓላማ ጥሩ ነበር። ከዚያ በፊት ማን ይዝመት የሚለውን በአብዛኛው የሚወስኑት የየአካባቢው ቦርዶች ስለነበሩ አድልዎ አለ የሚል ቅሬታ ሞልቶ ነበር። ዕጣ ግን ዘመድ የለውም፣ ሀብታም ከድሃ አይለይም። ዕጣ ከወጣ በኋላ ከማን ጋር ትከራከራለህ?

ሳምንታት ሳይቆዩ ግን ክርክሩ መጣ። ያነሱትም ቁጥር የሚወዱ ሰዎች ናቸው።

ወር በወር ሲታይ

ነገሩን ለማየት የሚያስፈልገው ሂሳብ የስድስተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። ቁጥሮቹ ከ1 እስከ 366 ስለሆኑ አማካያቸው 183.5 ነው። ዕጣው በደንብ ከተቀላቀለ የእያንዳንዱ ወር አማካይም እዚያው አካባቢ መውደቅ አለበት፤ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። የወጣው ግን ይሄ ነው፦

ጃንዋሪ 201.2፣ ፌብሩዋሪ 203.0፣ ማርች 225.8፣ ኤፕሪል 203.7፣ ሜይ 208.0፣ ጁን 195.7፣ ጁላይ 181.5፣ ኦገስት 173.5፣ ሴፕቴምበር 157.3፣ ኦክቶበር 182.5፣ ኖቬምበር 148.7፣ ዲሴምበር 121.5።

ዝም ብላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ አንብቡት። ቁጥሮቹ ቁልቁለት ይወርዳሉ። የዓመቱ የመጀመሪያ ስድስት ወራት ሁሉም ከአማካዩ በላይ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ደግሞ ሁሉም ከአማካዩ በታች።

አሁን የ195ን መስመር አስገቡበት። ከማርች 31 ቀናት ውስጥ ለጥሪ የበቁት 10 ብቻ ናቸው። ከዲሴምበር 31 ቀናት ውስጥ ግን 26ቱ ተጠሩ። ዕጣው ለሁሉም እኩል ቢሆን ከየትኛውም ወር ከግማሽ ትንሽ በለጥ ያለው፣ 16 ወይም 17 ቀን ገደማ፣ ይጠራ ነበር። በአጭሩ፣ የዲሴምበር ልጅ መሆን የአንድን ወጣት ዕድል በጣም ለወጠው።

እዚህ ላይ አንድ ተጠራጣሪ እጁን ያወጣል። "ታዲያ ምን ይጠበስ? ዕድል እኮ ነው! ሳንቲም አሥር ጊዜ ብትወረውር ሁሌ አምስት አምስት ይወጣል እንዴ?"

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ዕድል ራሱ ይዛባል። ፍጹም እኩል የሆነ ውጤት ብናይ ኖሮ እሱም ያጠራጥረን ነበር። ስለዚህ "ተዛብቷል ወይ?" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። መጠየቅ ያለብን ዕድል ብቻውን ይህን ያህል ማዛባት ይችላል ወይ ብለን ነው። ይህን ጥያቄ በቁጥር የመመለሻው መንገድ የተገኘው ደግሞ ከዚያ ምሽት 69 ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

የፒርሰን ሚዛን

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ራፋኤል ዌልደን አሥራ ሁለት ዳይስ በአንድ ላይ እየወረወረ ውጤቱን ይመዘግብ ነበር። አንዴ ሁለቴ እንዳይመስላችሁ፣ 26,306 ጊዜ ነው። በድምሩ 315,672 የዳይስ ውጤት ተሰበሰበ። ዳይሶቹ ትክክለኛ ቢሆኑ 5 ወይም 6 የሚወጣው ከሦስት አንዴ፣ ማለትም 105,224 ጊዜ ነው። የወጣው 106,602 ሆነ። በመቶኛ ሲታይ 33.33 መሆን የነበረበት 33.77 ሆነ ማለት ነው። በዓይን ቢታይ ማንም ምንም አይለው።

ካርል ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1900 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን የመሰለ ልዩነት የሚመዝን ዘዴ አቀረበ። ዛሬ ካይ ስኩዌር የምንለው ነው፤ የጠበቅነውና ያገኘነው ምን ያህል እንደሚገጥሙ ይለካል። አሠራሩ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ መደብ ካገኘኸው ላይ የጠበቅከውን ቀንስ፣ ልዩነቱን በራሱ አባዛ፣ ለጠበቅከው አካፍል፣ ከዚያ ሁሉንም ደምር።

እስቲ በአንድ ዳይስ እንሞክረው። 60 ጊዜ ወርውረን ከ1 እስከ 6 በቅደም ተከተል 8፣ 11፣ 9፣ 12፣ 7 እና 13 ጊዜ ወጡ እንበል። ለእያንዳንዱ ፊት የምንጠብቀው 10 ነው። የልዩነቶቹ ካሬ ድምር 28 ይሆናል፤ ለ10 ሲካፈል 2.8። ለስድስት መደቦች የተለመደው ወሰን 11.07 ገደማ ነው። ትክክለኛ ዳይስ ከዚያ ወሰን የሚያልፈው ከመቶ አምስት ጊዜ ብቻ ነው። 2.8 ከወሰኑ በጣም ይርቃል፤ ዳይሱን የምንከስበት ምክንያት የለንም። የዌልደንን ዳይሶች ግን ፒርሰን በዚሁ ሚዛን ሲመዝናቸው ወደቁ። በዓይን የማይታየው ልዩነት ከብዙ ሺህ ውርወራ በኋላ በዕድል የሚሳበብ አልነበረም።

ወሰኑ ራሱ በመደቦቹ ብዛት ይወሰናል። ስድስት ፊት ካለ በነጻነት መለዋወጥ የሚችሉት አምስቱ ናቸው፣ ምክንያቱም ድምሩ ከታወቀ ስድስተኛው ከአምስቱ ይታወቃል። ይህ የነጻነት ዲግሪ የሚባለው ነገር በአንዳንድ ሁኔታዎች እንዴት እንደሚቆጠር ፒርሰን ራሱ ስቶት ነበር፤ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1922 አረመው። የሚዛኑ ባለቤት እንኳን በሚዛኑ ተሳስቷል፤ ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል።

አንድ ዕጣ፣ ሦስት ውጤት

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ 366ቱን ቁጥሮች ፓይተን ውስጥ አስገብቼ ይህንኑ ፈተና ሠራሁባቸው። ሦስት ዓይነት ጥያቄ ጠየቅኩ፣ ሦስት ዓይነት መልስ አገኘሁ።

አንደኛ፦ "ከ1 እስከ 366 ያሉት ቁጥሮች በእኩል ብዛት ወጥተዋል?" አዎ። እያንዳንዱ ቁጥር በትክክል አንድ ጊዜ ወጥቷል። ካይ ስኩዌሩ ዜሮ ነው። ከዚህ የበለጠ እኩል ስርጭት በዓለም ላይ የለም! መልሱ እውነት ነው፣ ግን አይረባም። ካፕሱሎቹን ከጃንዋሪ 1 ጀምረን በተራ ብናወጣቸውም ያው ዜሮ ይመጣ ነበር።

ሁለተኛ፦ ዝቅተኛዎቹን 183 ቁጥሮች ወስጄ በየወሩ ስንት እንደደረሰ ቆጠርኩ። ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር 12፣ 12፣ 10፣ 11፣ 14፣ 14፣ 14፣ 19፣ 17፣ 13፣ 21 እና 26። የሚጠበቀው ባለ 31 ቀን ወር ላይ 15.5፣ ባለ 30 ቀን ወር ላይ 15፣ ፌብሩዋሪ ላይ 14.5 ነው። ቀመሩን እንዳለ ስንሠራው 15.6 ይሰጣል። ለአሥራ ሁለት ወራት ወሰኑ 19.7 ገደማ ነው። ስለዚህ... ዕጣው አለፈ? ዲሴምበር ላይ 26፣ ማርች ላይ 10 እያየን?

አላለፈም። የተሳሳተው ሚዛኑን የተጠቀምንበት መንገድ ነው። ቀመሩ በዚህ መልኩ የሚሠራው እንደ ዳይስ ላለ ነገር ነው፤ ዳይስ ላይ 6 አንዴ ወጣ ማለት ድጋሚ አይወጣም ማለት አይደለም። እዚህ ግን አንድ የልደት ቀን አንዴ ከወጣ ወጣ፣ ወደ ዕቃው አይመለስም። ከዲሴምበር 26 ቀናት ዝቅተኛውን ግማሽ ከወሰዱ ለከፍተኛው ግማሽ የሚቀሩት 5 ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ዕጣ በተፈጥሮው ከዳይስ ያነሰ ነው መዛባት ያለበት። ያንን ረስተን ስንመዝነው መዛባቱን ግማሽ በግማሽ ደበቅነው።

ሦስተኛ፦ ሁለቱንም ግማሾች፣ ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም፣ በየወሩ ቆጥሬ በአንድ ሰንጠረዥ መዘንኩ። ውጤቱ 31.1 ሆነ። ወሰኑ ያው 19.7 ነው። ዕጣው በትክክል ተቀላቅሎ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያህል ወይም ከዚህ የባሰ መዛባት የሚታየው ከአንድ ሺህ ዕጣ በአንዱ ገደማ ብቻ ነው። ከ31.1 ውስጥ 14.2 የሚሆነውን ብቻውን ያመጣው ዲሴምበር ነው።

የዚህን ቁጥር ትርጉም ግን አናጋንን። "ዕጣው ትክክል የመሆኑ ዕድል ከሺህ አንድ ነው" ማለት አይደለም። "ትክክል ነበር ብለን ብንነሳ፣ ያየነው ነገር በጣም የሚያስገርም ይሆናል" ማለት ነው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ ብዙ ሰው የሚያምታታውም እዚህ ጋ ነው። ፈተናው አንድ ነገር እንዳልገጠመ ይነግርሃል። ማን አጠፋ፣ ለምን አጠፋ የሚለውን ግን አይነግርህም። ለእሱ ከወረቀቱ ላይ ተነስተህ ሳጥኑ ጋ መሄድ አለብህ።

ሳጥኑ ጋ

በጃንዋሪ 1970 መጀመሪያ ኒውዮርክ ታይምስ የስታቲስቲክስ ሰዎችን ጥርጣሬ ዘገበ። ከዚያ ስቲቨን ፋይንበርግ የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 ሳይንስ መጽሔት ላይ ጉዳዩን በሰፊው ጻፈው። የአቀላቀሉ ታሪክም ወጣ።

ካፕሱሎቹ ወር በወር ነበር የተዘጋጁት። መጀመሪያ የጃንዋሪ 31 ካፕሱሎች ሳጥን ውስጥ ገቡ። ከዚያ የፌብሩዋሪዎቹ ተጨምረው ከጃንዋሪ ጋር ተቀላቀሉ። ከዚያ ማርች ተጨመረ፣ እንደገና ተቀላቀለ። እንዲህ እየተባለ ዲሴምበር ተደረሰ። ልብ በሉ፦ በዚህ አካሄድ ጃንዋሪ አሥራ አንድ ጊዜ ተቀላቅሏል፣ ዲሴምበር ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ሳጥኑ ተዘግቶ ጥቂት ጊዜ ተነቀነቀና በዕጣው ምሽት ወደ መስታወቱ ዕቃ ተገለበጠ። ዕጣ አውጪዎቹ ደግሞ በአብዛኛው ከላይ ከላይ ነበር የሚያነሱት።

በቃ፣ ይሄ ነው። ማንም አላጭበረበረም። የዲሴምበር ልጆችን የሚጠላ ባለሥልጣን አልነበረም። ሁሉም ነገር በካሜራ ፊት፣ በግልጽ፣ በቅን ልቦና ተደረገ። ግን የመቀላቀሉ ሥራ ቀላል መስሎ ስለታየ ማንም አልፈተሸውም፤ በዚያም ምክንያት በዓመቱ መጨረሻ የተወለዱ ወጣቶች ከሌላው በበለጠ ለጦር ሜዳ ተጋለጡ።

እኛ አገር ዕቁብ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን በደመ ነፍስ ያውቀዋል። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ሲገባ "እስቲ በደንብ ቀላቅለው" የሚል ሰው መቼም አይጠፋም። ያ ሰው ዳኛውን ሌባ ነህ እያለው አይደለም። ቅንነትና መቀላቀል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ገብቶት ነው።

ኮምፒውተሩስ?

"አሁን እኮ በኮምፒውተር ነው፣ ካፕሱል የለም" የሚል ካለ፣ ኮምፒውተርም ሳጥን መሆኑን ልንገረው።

አንድን ዝርዝር መቀላቀል የሚባለውን ሥራ ብዙ ጀማሪ እንዲህ ይጽፈዋል፦ ከመጀመሪያው ጀምረህ እያንዳንዱን ዕቃ ከዝርዝሩ ውስጥ በዘፈቀደ ከተመረጠ ከየትኛውም ዕቃ ጋር ቦታ አለዋውጥ። ሲታይ ፍትሃዊ ይመስላል። ሦስት ካርድ ይዘን እንቁጠረው። በየእርምጃው ሦስት ምርጫ፣ በሦስት እርምጃ 27 መንገድ። ሦስት ካርድ ሊደረደር የሚችለው ደግሞ በ6 ዓይነት ነው። 27 ለ6 እኩል አይካፈልም። ስለዚህ የዘፈቀደ ቁጥሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አንዳንዱ አደራደር 5 መንገድ፣ አንዳንዱ 4 መንገድ ይደርሰዋል። ትክክለኛው ዘዴ የተቀመጠ ዕቃን ድጋሚ አይነካም፤ ከቀሩት መካከል ብቻ ይመርጣል። 3 ጊዜ 2 ጊዜ 1፣ ስድስት መንገድ ለስድስት አደራደር። ይህን ዘዴ ከፍራንክ የትስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተመው ያው የፒርሰንን አቆጣጠር ያረመው ሮናልድ ፊሸር ነው።

የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫዎቹ ራሳቸውም ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአይቢኤም ኮምፒውተሮች ላይ በስፋት ይሠራበት የነበረ ራንዱ የሚባል ማመንጫ ነበር። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ብትቆጥራቸው ስርጭታቸው እኩል ይመስላል። ሦስት ሦስት አድርገህ በቦታ ላይ ነጥብ ብታደርጋቸው ግን ሁሉም በ15 ጠፍጣፋ ገጾች ላይ ተደርድረው ታገኛቸዋለህ። ሞሪስ ኬንዳልና በርናርድ ባቢንግተን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1938 ለዘፈቀደ ቁጥር አንድ ፈተና ሳይሆን አራት ፈተና ያቀረቡት ለዚህ ነው፦ የእያንዳንዱ አሃዝ ብዛት፣ የተከታታይ ጥንዶች፣ እንደ ፖከር ካርድ የተመደቡ ቡድኖች፣ በአንድ አሃዝ ሁለት መውጫዎች መካከል ያለው ክፍተት። አንዱን ያለፈ ሌላው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

አንዳንዱ ችግር ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ፈተናዎች ውጭ ነው ያለው። አዲስ አበባ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣውን የ14ኛ ዙር የኮንዶሚኒየም ዕጣ ታስታውሳላችሁ። ዕጣው በኮምፒውተር ወጣ፣ ደስታና እልልታ ሆነ፣ ከቀናት በኋላ ግን የከተማ አስተዳደሩ የመረጃ ችግር መገኘቱን ገልጾ ሰረዘው። ለዓመታት የቆጠበ ሰው ደርሶሃል ተብሎ ከዚያ አልደረሰህም መባል ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያስፈልግም። እኔ ማንሳት የፈለግኩት የሙያውን ነገር ነው። ካይ ስኩዌር የሚመለከተው ዝርዝሩ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ዕድሉ እኩል መሆኑን ነው። ዝርዝሩ ውስጥ መግባት የሌለበት ሰው ካለ፣ ለእሱም እኩል ዕድል ሰጥቶ ፈተናውን በክብር ያልፋል። ማን ገባ የሚለውን መመርመር የሌላ ዓይነት ሥራ ነው፤ ስሌት አይተካውም።

ጥያቄው መቼ ይጠየቅ?

አንድ ነገር ቀርቶናል። ተጠራጣሪያችን ድጋሚ እጁን ቢያወጣ እንዲህ ይላል፦ "ውጤቱን አይተህ እኮ ነው ወር በወር የቆጠርከው! በሳምንቱ ቀን ብትቆጥር፣ በጎዶሎና በሙሉ ቁጥር ብትቆጥር፣ መቶ ዓይነት ብትሞክር አንዱ መዛባቱ አይቀርም።"

እውነቱን ነው። ከመቶ ፈተና አምስቱ በዕድል ብቻ ከወሰኑ ያልፋሉ፤ ወሰኑ የተሠራው እንደዚያ ሆኖ ነው። ጥፋት ፈልገህ የማታጣበት ፈተና ፈተና አይደለም። የወር ጥያቄውን የሚያስከብረው ግን ካፕሱሎቹ ሳጥን ውስጥ የገቡት ወር በወር መሆናቸው ነው። አቀላቀሉ ካልሠራ የት ላይ እንደሚታይ ከአሠራሩ መናገር ይቻል ነበር። ያንን ጥያቄ ከዲሴምበር 1 በፊት አንድ ሰው ቢጠይቀው፣ ባዶ ቁጥር በተጻፈባቸው ካፕሱሎች ጥቂት ጊዜ ልምምድ ቢደረግ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት የሆነው ይህን ይመስላል። በጁላይ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. በ1951 ለተወለዱት ዕጣ ሲወጣ ሁለት የሚሽከረከሩ በርሜሎች ቀረቡ፤ በአንዱ ቀናት፣ በሌላው ቁጥሮች። ሁለቱም የተሞሉት የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ አስቀድሞ ባዘጋጀው የዘፈቀደ ቅደም ተከተል ነው። አንድ ቀን ከአንዱ ይወጣል፣ ቁጥሩ ከሌላው። አንዱ በርሜል በደንብ ባይቀላቀል እንኳን ሌላው ያካክሰዋል።

የ1969ኙ ዕጣ ግን አልተደገመም። ክርክሩ ፍርድ ቤት ድረስ ቢሄድም ቁጥሮቹ እንደወጡ ጸኑ፤ በእነሱም ጥሪው ቀጠለ። የስታቲስቲክስ ፈተና የሚመጣው ብዙ ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ዕጣ የምናወጣበትን ኮድ የምንጽፍ ሰዎች ግን አንድ ዕድል አለን፤ የእኛን ሳጥን ሰው ስሙ ሳይገባበት፣ በባዶ ቁጥር፣ አሥር ሺህ ጊዜ አውጥተን መቁጠር እንችላለን። የሚወስደው ጥቂት ሴኮንድ ነው።